ሁለት የአባት ስም

«ከሁለቱ የትኛዋ ነሽ፣ እህቴ?»

ይህን የጠየቀኝ ጅግጅጋ ውስጥ የልደት ምስክር ወረቀት በሚሰጥበት መስኮት የተቀመጠ ወጣት ጸሐፊ ነው። ሁለት ወረቀቶቼን ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዬን በግራ እጁ፣ የቀበሌ መታወቂያዬን በቀኝ እጁ ጣት ተጭኗቸዋል። በሁለቱም ፎቶ ላይ ያለው ፊት የእኔው ነው። የራሴ ስም በሁለቱም ላይ አንድ ነው። የአባቴ ስም ግን ይለያያል። ግራው ላይ የአንድ ደገኛ ክርስቲያን ስም አለ፤ ቀኙ ላይ የአንድ ሶማሌ ሙስሊም።

ጸሐፊው አልጮኸብኝም፣ አላፌዘብኝም። ከልቡ ማወቅ የፈለገ ይመስል ነበር። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች መቁነጥነጥ ሲጀምሩ ወረቀቶቼን ሰብስቤ «ነገ እመለሳለሁ» ብዬው ወጣሁ። በማግስቱ አልተመለስኩም። ጥያቄውንም እስከ ዛሬ አልመለስኩትም።

የወረቀት ስህተት የማልወድ ሰው ነኝ። የተዋስኩት መጽሐፍ ውስጥ አራት ነጥብ ከጎደለ በእርሳስ እሞላለሁ፤ በዚህ ምክንያት መጽሐፍ ማዋስ ያቆሙ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለች ሴት ሰባት ዓመት ሙሉ ስህተት የሆነ መታወቂያ በቦርሳዋ ይዛ እንዴት ኖረች ብሎ ለሚጠይቀኝ ከመጀመሪያው መነሳት ይኖርብኛል።

ወላጅ አባቴን አላውቀውም። ጅግጅጋ ጦር ሰፈር የነበረ ወታደር ነው። መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን እኔ ገና ዳዴ እል ነበር አሉ። ከእሱ የቀረኝ ስሙ ነው፤ ፎቶ እንኳ የለኝም። እናቴ የሐረር መኪኖች በሚቆሙበት አካባቢ ሻይ እየሸጠች አሳደገችኝ፤ ብርጭቆ የማጥበው እኔ ስለነበርኩ ትምህርት ቤት ሳልገባ ቀረሁ። እሷ ካረፈች በኋላ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ አንደኛ ክፍል ገባሁ። መዝጋቢው «የአባት ስም?» ሲለኝ ያንን ስም ሰጠሁት። አባቴ ሰጥቶኝ የሄደው ነገር መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ያን ዕለት ነው።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አንዲት አሮጊት ዘንድ ሥራ አገኘሁ። ሆዮ ነው የምላት፤ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው፣ ሰፈሩም የሚጠራት እንዲያ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ደም ግፊት ጥሏት ግራ ጎኗ ሽባ ሆኗል። አንድ ልጅ ብቻ አለቻት፣ እሷም ካናዳ ናት። የቀጠረችኝ ልጅቷ ናት፣ በስልክ። «ሶማሊኛ ትችያለሽ?» አለችኝ። «እችላለሁ።» «ትዕግሥትስ?» «እየተማርኩ ነው።» ሳቀችና «ነገ ጀምሪ» አለች።

ሥራው ይህ ነበር፦ ጠዋት ገላዋን አጥባለሁ፤ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣታለሁ፤ መድኃኒት እሰጣለሁ፤ ግፊቷንና ስኳሯን ለክቼ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ፤ የደከመው እጇ እንዳይጨበጥ ሎሚ አስይዤ አጫውታታለሁ። እሷ ደግሞ ከአልጋዋ ሆና ትመራኛለች። የላሆሁ፣ የሶማሌው ስስ እንጀራ፣ ሊጥ መቼ እንደሚነሳ ከሽታው ታውቀዋለች። ካነበብኩት መጽሐፍ ታሪክ ወደ ሶማሊኛ እየመለስኩ ስነግራት ግማሹ ላይ ታቋርጠኝና «ይቺ ሴትዮ ሞኝ ናት፤ እኔ ብሆን ያን ጊዜ ጥዬው እሄድ ነበር» ትላለች።

ከዚያ ያ የነሐሴ ሰሞን መጣ። ከተማው ታወከ፤ ደገኛ የተባለ ሰው ይታደን ጀመር። የተከራየኋት ክፍል ከነልብሴ፣ ከነመጽሐፎቼ፣ ከነመታወቂያዬ ተቃጠለች። እኔ ሆዮ ቤት ነበርኩ። ሰዎች የግቢውን በር ሲደበድቡ ሆዮ «አንሺኝ» አለች። ተሸክሜ በሩ ሥር ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። በደህና እጇ ወደ ጓዳ ጠቆመችኝ። ከሩዝ ጆንያው ኋላ ሆኜ ድምፅዋን ሰማሁ። «እዚህ ቤት ከእኔና ከልጄ በቀር ማንም የለም። ልታዩ ከፈለጋችሁ እኔን ረግጣችሁ ግቡ» አለቻቸው። አልረገጧትም። ሄዱ።

ከተማው ሲረጋጋ መታወቂያ ማውጣት ነበረብኝ። የቀድሞ አከራዬ አገር ለቆ ስለሄደ የዚህ ከተማ ነዋሪ መሆኔን የሚመሰክርልኝ ሰው አጣሁ። ሆዮ ባጃጅ አስጠራች። ቀበሌው በራፍ ላይ ሁለት ሰዎች ደግፈው አስገቧት።

«ምንሽ ናት?» አላት የቀበሌው ሰውዬ።

«ልጄ።»

«ከማን የወለድሻት?»

«ከባሌ ነዋ! ከማን እንድወልዳት ትፈልጋለህ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው አፍሮ ጻፈ። ሆዮ ወላሂ ብላ ማለች፤ የጣት አሻራዋንም አሳረፈች። እኔ ከወንበሯ ኋላ ቆሜ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ፈርቼ ነው ብል ግማሹን እውነት መናገር ነው። ሌላው ግማሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ሳልጽፈው ባልፍ ግን የቀረው ሁሉ የማይታመን ይሆናል። አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ የእኔ ናት ብሎኝ አያውቅም ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሁለት አባት አገኘሁ፤ አንዱንም በዓይኔ አላየሁም። ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ስም ተማርኩ፤ ሆስፒታል፣ ባንክ፣ ስልክ ቤት በሁለተኛው ተገለገልኩ። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ፤ ጎን ለጎን የሚያስቀምጣቸው ሰው ስላልመጣ ግን ለዓመታት አልተጣሉም።

ያጣላቸው ከካናዳ የመጣ ስልክ ነው።

«አባዮ፣ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ» አለች ልጅቷ። አባዮ እህቴ ማለት ነው፤ ሁልጊዜ የምትጠራኝ እንዲያ ነው። «እዚህ አዛውንቶችን በቤታቸው የሚያስታምሙ ሰዎች ጠፍተዋል። ለእነሱ ተብሎ የሚከፈት መንገድ አለ። ሠርተሽ ሠርተሽ ኋላ የምትለምኚው አይደለም፤ ስትገቢ ጀምሮ ቋሚ ነዋሪ ትሆኛለሽ።»

«እኔ?»

«አንቺ! እናቴን ሰባት ዓመት ያኖርሽ አይደለሽም እንዴ?»

ሰው እንኳ አግኝታልኝ ነበር። ከእሷ ሰፈር አንድ ሶማሌ ሽማግሌ አሉ። የመርሳት በሽታ ሲይዛቸው መጀመሪያ የሄደው እንግሊዝኛው ነው። አሁን በልጅነታቸው ቋንቋ ብቻ ነው የሚያወሩት፤ የሚያስታምሟቸው ሴቶች ደግሞ አይሰሟቸውም፣ ሽማግሌው ውሃ ሲጠይቁ መስኮት ይከፍቱላቸዋል። ቤተሰቡ ሶማሊኛ የምትችል አስታማሚ ለመቅጠር ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ዝግጁ ነው። የቀረው የእኔ ድርሻ ነው፦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ፓስፖርት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ።

ያን ሰሞን ምን እንደተሰማኝ በትክክል ልናገር። ካናዳ አላጓጓኝም፤ ብርድ እፈራለሁ። ያጓጓኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ ጋ እንደኔ ያለች ሴት ምን ትሠራለች ተብሎ ሲጠየቅ «እገሊት ቤት ናት» ይባላል። ሥራው ስም የለውም። ልጅቷ በላከችልኝ ቅጽ ላይ ግን እያንዳንዱ ነገር በሥርዓት ተጽፏል፤ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ መድኃኒት መስጠት፣ ማጫወት ሳይቀር። የማደርገውን ሁሉ የሚያውቅ ሰው የሆነ ቦታ ተቀምጦ የጻፈው መሰለኝ። እናም ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ቤት ተጠግቼ ለኖርኩ ለእኔ «ቋሚ» የምትለው ቃል እንዴት እንደምትነበብ ሌላው ሰው ይገባው እንደሆነ አላውቅም።

የሥራ ልምዱን ደብዳቤ ራሴ ማርቀቅ ጀመርኩ፤ ሆዮ በጣቷ ልታጸድቅልኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ቆምኩ። በሳምንት ስንት ሰዓት ይላል። ስታነጥስ የምነቃበት ይቆጠራል? ታሪክ ስነግራት ሁለታችንም ተኝተን የምንቀርበትስ? በግምት ሞላሁና ወደ ሁለተኛው አለፍኩ፦ ከምታስታምሚው ሰው ጋር ያለሽ ዝምድና። ከሥሩ ማስታወሻ አለ፤ የራስን ቤተሰብ ማስታመም እንደ ሥራ ልምድ አይቆጠርም።

መታወቂያዬን ከመሳቢያ አወጣሁ። የሆዮ ባል ስም የአባቴ ቦታ ላይ ተቀምጧል። በመንግሥት ወረቀት ሰባት ዓመት የሠራሁት ሥራ የለም፤ እናቷን የጦረች ልጅ ናት ያለችው። ፓስፖርት የሚወጣው በዚሁ መታወቂያ ስለሆነ፣ የትምህርት ማስረጃዬ ደግሞ የሌላ ሴት ሆነ።

ወረቀቱን ሁሉ ጠቅልዬ ወደ አንዲት ወዳጄ ሄድኩ። ከመሐል አገር መጥታ ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተች፣ ከሸደር ጣቢያ ለሚመጡ ስደተኞች ቅጽ ስትሞላ የኖረች ሴት ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አነበበችና ሳቋ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ! ሰው አንድ ባል አጥቶ ይቃጠላል፣ አንቺ አባት ታከማቻለሽ?»

«አታሹፊ።»

«ምን ያስጨንቅሻል? አምጪው፣ ማስረጃሽን ኮምፒውተር ላይ ላስተካክልልሽ። የሻይ ሰዓት አይፈጅም። ሁለቱም ሱማሌ ይሆናሉ።»

«የሐሰት ወረቀት አልይዝም።»

«ይሄ የያዝሽውስ ምንድን ነው? ወንጌል ነው?»

እውነቷን ነው። ቢሆንም እሺ አላልኳትም። የመጀመሪያውን ሐሰት ሆዮ የተናገረችው ሰው ለማዳን ነው፤ ሁለተኛውን የምናገረው እኔ ነኝ፣ ያውም ለመሄድ። ወዳጄ ፊቴን አየችና ቀልዷን ተወች። «እንግዲያው እውነተኛው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። ያስመዘገበችሽ ሴትዮ ራሷ ቀርባ፣ ልጄ አይደለችም ብላ ቃሏን ትስጥ። ዳኛው ያስተካክልልሻል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነው፣ ምናልባት ያለ ፍርድ ቤት ቢያልፍ ብዬ፣ መግቢያው ላይ ወዳነሳሁት መስኮት የሄድኩት። አላለፈም።

አምስት ወር ለሆዮም ለልጅቷም አልተናገርኩም። ለልጅቷ «እያዘጋጀሁ ነው» እላታለሁ። እንግሊዝኛውን በእርግጥ እያጠናሁ ነበር፤ ሆዮ ስትጠይቀኝ «ለፈተና ነው» አልኳት፣ የምን ፈተና እንደሆነ ሳልናገር። ስለ መታወቂያው ልጅቷ አታውቅም ነበር። ምን ብዬ እነግራታለሁ? በወረቀት እህትሽ ነኝ፣ የአባትሽ ቤት ሲከፈል እኔም ወራሽ ነኝ? ባሕር ማዶ ሆና እናቷን አምና የሰጠችኝ ሴት ናት። ከዚህ በፊት ያልነገርኳት ለምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ፣ አስቤበት እንዳልሆነ በምን አስረዳታለሁ?

ከዚያ በላይ የከበደኝ ግን ሆዮ ናት። ነፍሴን ያተረፈችበትን ቃል፣ በዚያ ከተማ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት መልሳ እንድትውጠው ልጠይቃት ነው። ያውም ትቻት ለመሄድ። ማታ የማስበው ጠዋት ሳጥባት ይጠፋብኛል። ጀርባዋን እያሸሁ ዓረፍተ ነገሩን አዘጋጃለሁ፤ ፊቷን ወደ እኔ ስመልሰው «ውሃው በረደ?» ብዬ አልፋለሁ። ደግሞ ሌላም ስጋት ነበረኝ። መንገዱ ይከፈታል ይባላል እንጂ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ሲከፈትም ወዲያው ይሞላል ይባላል። ወረቀቴን አስተካክዬ፣ እሷን አሳዝኜ፣ በሩ ቢዘጋብኝ ከሁለቱም ሳልሆን መቅረቴ ነው።

የነገርኳት አንድ ሐሙስ ነው፤ የጅግጅጋ ነፋስ አቧራውን አንስቶ ቆርቆሮውን የሚያንቀጠቅጥበት ቀን። መስኮቱን ዘግቼ፣ አልጋዋ ግርጌ ተቀምጬ እግሯን በሰሊጥ ዘይት እያሸሁ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን አላዘጋጀሁትም። ዝም ብሎ ወጣ።

«ሆዮ፣ አንድ ነገር ደብቄሻለሁ።»

«ስኳር ስትደብቂኝ ሰባት ዓመትሽ። ሌላ ምን ቀረ?»

አልሳቅሁም። ሁሉንም ነገርኳት። የካናዳውን መንገድ፣ ውሃ ሲሉ መስኮት የሚከፈትላቸውን ሽማግሌ፣ ቅጹን፣ መስኮቱ ላይ የጠየቀኝን ልጅ፣ የፎቶ ኮፒ ቤቷን ሴት። ከባዱን መጨረሻ ላይ አመጣሁት። «ዳኛ ፊት ቀርበሽ፣ ልጄ አይደለችም ማለት አለብሽ።»

ቆርቆሮው ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

«ይህን ለመናገር ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?» አለች።

«አምስት ወር።»

«እኔ ሰባት ዓመት።»

አልገባኝም። ቀና ብዬ አየኋት፤ ጣሪያውን ነበር የምታየው።

«ቀበሌ በማልኩ በሳምንቱ ሼኹን አስጠርቼ ጠየቅኳቸው። አንቺ ወተት ልትገዢ ወጥተሽ ነበር። ነፍስ ለማዳን የተዋሸ ይማራል አሉኝ። ሰውን ከአባቱ ስም ነቅሎ ለሌላ አባት መስጠት ግን ሐራም ነው፤ ሰላም ሲሆን አስተካክይው አሉኝ። ሰላም ሆነ። ዘንድሮ፣ ዘንድሮ ስል ኖርኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ልጄ አይደለሽም፣ ተነሺ ቀበሌ እንሂድ ልበልሽ?» ድምፅዋ ተሰበረ፣ ወዲያው ግን ተቆጣች። «ደግሞ ተቀይመሽኝ ብትሄጂስ በማግስቱ ማን ያገላብጠኛል?»

ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ እንባዬም መጣ። ዘይት በነካው እጄ ልጠርገው አልቻልኩም።

«አሁንም ከሄድኩ ማን ያገላብጥሻል?» አልኳት።

«እሱን ሌላ ቀን እናልቅሰው። መጀመሪያ ምላሴን ላጽዳ።» ትንሽ አሰበች። «መንገዱ ካልተከፈተስ?»

«ላይከፈት ይችላል።»

«ያን ጊዜ የባሌን ስም መልሽልኝ ብለሽ ትመጫለሽ?»

«አልመጣም ሆዮ። አንዴ ከተስተካከለ ተስተካከለ።»

«ጎሽ» አለች። «ለልጄ ደግሞ የምነግራት እኔ ነኝ። አንቺ ስታወሪ ከነገሥታት ዘመን ትጀምሪያለሽ፤ ካርዱ ያልቅባታል።»

ፍርድ ቤቱ ጉዳያችንን መቼ ሊያይ እንደሚችል ጠየቀችኝ። ማክሰኞ አመልክተን ያን ዕለት ልንቀርብ እንደምንችል ወዳጄ ነግራኛለች አልኳት።

«እንግዲያው ሰኞ ሂና ትቀቢኛለሽ። ያን አረንጓዴ ዲራዕ ቀሚሴንም ተኩሺልኝ። እንዲህ ሆኜ ዳኛ ፊት አልቀርብም፣ ለማኝ መስዬ።»

እሺ አልኳት። እሺ ብዬም ዘይቱን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ሽባውን እግሯን ጨርሻለሁ። ሌላኛውን፣ ደህናውን፣ ራሷ አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።